ብርድ ፍለጋ

ጋምቤላ መናኸሪያ አጠገብ ቀዝቃዛ ውሃ እሸጣለሁ። ከረፋዱ ጀምሮ የፍሪጄ በር አያርፍም። በከፈትኩት ቁጥር ቅዝቃዜው ፊቴን ይመታኛል፣ የበረዶና የእርጥብ ብረት ሽታ ይሸተኛል፣ እኔም ቶሎ ብዬ እዘጋዋለሁ። "ምን አስቸኮለሽ፣ ትንሽ እንቀዝቀዝበት እንጂ" ይሉኛል ሾፌሮቹ። መብራት እንዳይቆጥርብኝ ነው እላቸዋለሁ። ውሸቴን ነው፣ ብርድ አልወድም። ሰው ሁሉ ጥላ ለጥላ በሚሮጥበት ከተማ ብርድ የምትጠላ ሴት ብትኖር እኔ ነኝ። ምክንያቱን ላንተ ልንገርህ።

ያኔ አቦቦ ነበርን፣ ከአልዌሮ ግድብ ብዙም በማይርቅ የሰፋሪዎች መንደር። አባቴም እናቴም በድርቁ ዘመን ከወሎ በልጅነታቸው የመጡ ናቸው። እኔና ታላቅ ወንድሜ ግን እዚያው ሙቀቱ ውስጥ ተወልደን ስላደግን ደጋ የሚባለውን የምናውቀው በወሬ ብቻ ነበር። ወሬውም የእናቴ ነበር። ማሽላውን ከወፍ እየጠበቀች ስለ ውርጭ ታወራልናለች። ጠዋት ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ እንደሚያድር፣ ሲረግጡት ከእግር በታች ኩርሽም እንደሚል። ወንድሜ አያምናትም። "ጨው ነው የረገጥሽው፣ እማ" ይላታል፣ እሷም ትስቃለች። አባቴ ግን አይስቅም። ለሷ እንደዋዛ የሚወጣት ወሬ እሱ ልብ ውስጥ ገብቶ ይቀመጥ ነበር። "አንድ ቀን ደጋ አወጣታለሁ" ይለን ነበር እሷ በሌለችበት።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ወባ ያዛት። ወባ ለኛ ብርቅ አይደለም፣ ከየቤቱ ገባ ወጣ የሚል በሽታ ነው። የሷ ግን ጠናባት። የጤና ጣቢያው ክኒን አልረጋላት አለ፣ ዓይኗም ቢጫ ሆነ። ነርሷ አባቴን ጠርታ፣ "ነገ ጠዋት አምቡላንሱ ከተማ ያደርሳታል፣ መርፌ ያስፈልጋታል" አለችው። አባቴ ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ።

የመንደራችን ትልልቅ ሰዎች አንድ እምነት ነበራቸው። ንዳድ ብርድ አይችልም፣ በሽተኛውን ይዘህ ተራራ ስትወጣ የተራራው ወገብ ላይ ስትደርስ ለቆት ወደ ቆላው ይመለሳል ይላሉ። ማን ሲድን አያችሁ ብትላቸው አንድ ስም አይጠሩልህም። ደጋውን ተነጥቀው የመጡ ሰዎች ናቸው፣ መድኃኒት ባያደርጉት ነበር የሚገርመኝ። "መርፌ አይደለም የጎደላት፣ አየር ነው" አለ አባቴ። ነርሷ ለመነችው፣ ወንድሜ ጮኸበት፣ አልሰማም። በዚያ ሰሞን ወደ ደጋ የሚወጣው መኪና በጸጥታ ችግር ምክንያት ቆሞ ነበር። እሱ ግን በእግርም ቢሆን ብሎ ተነሳ።

የመንደሩ ወንዶች ከቀርከሃ ቃሬዛ ሠሩ። ጎረቤታችን የነበረ አንድ አኙዋክ ደግሞ ለማር ቆረጣ የሚወጣበትን የጫካ መንገድ ሊያሳየን ከፊት ሆነ። እኔ በሶና ውሃ ተሸክሜ ከኋላ እከተላለሁ። እናቴ በዚያ ሙቀት ጥርሷ እየተንገጫገጨ፣ ጋቢዋ ውስጥ ተጠቅልላ በሰው ትከሻ ላይ ትወዛወዛለች። ዛፎቹ ቁመታቸው አያልቅም፣ መሬቱ የበሰበሰ ቅጠል ይሸታል፣ ከላይ ጉሬዛዎች ይጮሃሉ። ተሸካሚዎቹ ትከሻ ሲቀያየሩ ቃሬዛው ዘንበል ሲል አባቴ እጇን ይዞ፣ "አብሽሪ፣ ትንሽ ነው የቀረን" ይላታል። ተራራው ግን ገና አልተጀመረም ነበር።

በማግስቱ ዳገቱን ስንጀምር ትኩሳቱ ለቀቃት። እግዜርም ሰይጣንም አይደለም፣ ወባ እንደዚያ ነው፣ አንድ ቀን ይዞ አንድ ቀን ይለቃል። ይህን ጋምቤላ ውስጥ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። እዚያ ዳገት ላይ ግን ሁላችንም ረሳነው። እናቴ ቀና ብላ ተቀመጠች፣ በሶ ጠየቀች፣ የወንድሜን ላብ እያየች፣ "አንተ ሰነፍ፣ እኔን ተሸክመህ ነው እንዲህ የምታለከልከው?" አለችው። አኙዋኩ ዞር ብሎ አያት። "እማማ ዛሬ ጥሩ ነው!" ብሎ በተሰባበረ አማርኛው ጮኸ። "ጌታ ይመስገን!"

አባቴ መሬት ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። "አላልኳችሁም? ለቀቃት እኮ፣ ወላሂ ለቀቃት!" እያለ እኔን አቀፈኝ፣ ወንድሜን አቀፈው። ቀኑን ሙሉ መንዙማ እያዜመ ወጣ፣ ተሸካሚዎቹም ተቀበሉት። ነፋሱ ቀዝቀዝ ብሎ ነበር፣ የማላውቀው የጫካ አበባ ሽታ ይዞ ይመጣል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ዛሬም ያን ቀን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ደስታው ነው፣ ከዚያ በኋላ ነው የምናደደው።

ትኩሳቱ ቀኑን ጠብቆ ሲመለስ ከፍታው ላይ ነበርን። ዝናብ ጀምሯል፣ ጉሙ ከፊት የሚሄደውን ሰው አያሳይም፣ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። እናቴ ከነቃሬዛው ትንቀጠቀጣለች። አባቴ ግን አልደነገጠም። "እየወጣላት ነው፣ ሲወጣ እንዲህ ነው የሚያደርገው" አለና ጋቢዋን ገለጠው። ብርዱ ያግኛት ብሎ ነው። ወንድሜ አለበሳት። አባቴ መልሶ ገለጠ። ሁለቱ በሷ ላይ ጋቢ ሲጓተቱ፣ ብርድ በዕድሜው ቀምሶ የማያውቀው አኙዋክ፣ እሱ ራሱ ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ፣ ጃኬቱን አውልቆ ደረቷ ላይ ጣለላት። "ይሄ ብርድ ሰው ይበላል" አለ። "እማማ መሸፈን አለበት።" አባቴ ጃኬቱን ሊያነሳ እጁን ዘረጋና፣ ሰውየው ሲያየው ተወው።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ዝናቡ አባርቶ ጉሙ ገለጥ አለ። አባቴ ተሸካሚዎቹን አስቁሞ ቃሬዛውን አዞረላት። ከፊታችን አረንጓዴ ኮረብታ፣ የቡና ጫካ፣ ጭስ የሚወጣቸው ቤቶች ነበሩ።

"ይኸው፣ አገርሽ" አላት።

አሻግራ አየች። ውርጭ የለ፣ ገብስ የለ፣ የምታውቀው ድንጋይ የለ። "ይሄ አገሬ አይደለም" አለች።

"እንዴት? ደጋ አይደል እንዴ!"

"ብርዱ ነው እንጂ ሌላው ምኑ ይመስላል? ኧረ በረደኝ። ቤቴ መልሱኝ።"

"የቱ ቤትሽ?"

"አቦቦ ነዋ!" አለች፣ እንደ ጤነኛ ተቆጥታ። "ሌላ ቤት አለኝ?"

አባቴ ወደ ሰዎቹ ዞሮ፣ "ትኩሳቱ ነው የሚያናግራት" አለ።

በመጀመሪያው መንደር ኦሮሞ ሴቶች ተቀብለው እሳት ዳር አስተኟት። እጇን ሲያሟሟቁላት ነበር የሞተችው። ቋንቋቸውን አንችልም፣ ግን እነሱ ናቸው ያጠቧት፣ ከፈኑንም ከየቤታቸው አዋጥተው አመጡ። ወንድሜ ይዘናት እንውረድ ብሎ ለመነ። የሞተ ሰው አያድርም፣ ቶሎ ይቀበራል፣ መንገዱ ደግሞ የቀናት ነው። መስጊዳቸው ጀርባ፣ የሚያውቃት ሰው በሌለበት መቃብር ውስጥ ቀበርናት። ባዶውን ቃሬዛ ለመያዝ የፈለገ ስላልነበረ አጥር ላይ አስደግፈነው ወረድን። ቆላ ስደርስ እሷ የለመነችው ሙቀት እኔን ሞቀኝ፣ አለቀስኩ።

አሁን አባቴ ያለ ዕድሜው አርጅቷል፣ እኔ ጋር ነው የሚኖረው። ወንድሜ ከዚያ ወዲህ አላነጋገረውም፣ ዲማ ሄዶ ወርቅ ይቆፍራል። የድሮ ሰፋሪዎች ሊጠይቁት ሲመጡ አባቴ ጋቢውን አስተካክሎ ይቀመጥና ያንን ተራራ ያወራላቸዋል። "አልሐምዱሊላህ፣ የናፈቃትን አየር ሳትተነፍስ አልሄደችም" ይላል። "ደጋውን ስታይ ፊቷ በራ። የመጨረሻ ቃሏ 'አገሬ ገባሁ' ነበር።"

ከዚያ ወደኔ ይዞራል፣ ዓይኑ ከድሮው ይልቅ ፈዝዟል፣ ግን ይፈራኛል።

"አይደል፣ ልጄ?"

"አዎ አባ" እለዋለሁ። "እንደዚያ ነው ያለችው።"