የባልታሳር በረዶ

አበልጄ ኤርሜሊንዳ ባሏ ያለበትን ቦታ በጣቷ ታሳይ ነበር። መቃብር ግን አልነበረውም። ባልታሳር እንግዶች እየመራ እሳተ ገሞራው የከሰመውን የካሪዋይራሶን ተራራ ሲወጣ የበረዶው ግግር ተሰንጥቆ ዋጠው። ጓደኞቹ ገመድ ቢያወርዱም አልደረሱበትም። እሷ ያኔ እርጉዝ ነበረች፤ በሐዘኑ ፅንሱም ወረደባት። ሌላ አላገባችም።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሰማዩ ሲጠራ እኔና ጎረቤታችን ትራንሲቶ ይዘናት እንወጣለን። በማለዳ ተነስተን፣ በሶና የተቀቀለ ድንች ቋጥረን፣ ሳይመሽ እንመለሳለን። በረዶው ላይ ስትደርስ ተንበርክካ ታወራዋለች፤ የላሟን መውለድ፣ የጣሪያውን ማፍሰስ፣ ሁሉንም።

"ያንቺስ ያዳምጣል" ትላታለች ትራንሲቶ። "የኔው ቤት ተቀምጦ አይሰማኝም።"

ኤርሜሊንዳም ትስቃለች።

በረዶው በየዓመቱ ወደ ላይ ሲሸሽ እኛ እንሰጋለን፣ እሷ ግን ደስ ይላታል። "ሲቀልጥ ይመልስልኛል" ትላለች። መገነዣ እንዲሆነው ፖንቾ የምንለውን የሱፍ ካባ በቀይ ሠርታ፣ ስንወጣ ሁሌ በጀርባዋ ታዝለው ነበር።

አምና ወጣን። ጫማችን ሥር የምናስረውን ባለ ጥርስ ብረት ከጓዛችን ሳናወጣው ቦታው ደረስን። በረዶ የለም። ጥቁር አሸዋና የተሰባበረ ቀይ ድንጋይ ብቻ። ገደሉ ሥር አልጋ የማታህል የቆሸሸች በረዶ ቀርታለች።

ድንጋዩን እየገለበጥን ፈለግን። የዛገ ጣሳ አገኘን። አጥንት የለም፣ ቁራጭ ጨርቅ እንኳ የለም።

"ቦታውን ተሳስተን ይሆናል፣ ወደ ግራ እንሞክር" አልኳት።

"አልተሳሳትንም። ምልክት የምናደርገው ቋጥኝ ያው ነው።"

"እንግዲያው ውሃው ይዞት ወርዶ ይሆናል" አለች ትራንሲቶ።

"ወዴት?"

ትራንሲቶ ቁልቁል አየች። ከሥራችን ሸለቆ በሸለቆ ላይ ነው።

"ፖንቾውን እንቅበረውና ድንጋይ እንከምርበት፤ መቃብር ይሁንልሽ" አለቻት።

"ባዶ ልብስ አልቀብርም።" ኤርሜሊንዳ አሸዋው ላይ ተቀመጠች። "በረዶው እያለ የት እንዳለ አውቅ ነበር። አሁን የት ሄጄ ላናግረው?"

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለን ነበር። ጉሙ ሲመጣ ግራና ቀኝ ይዘን አስነሳናትና እስከ ቤቷ አደረስናት።

ዘንድሮ ሰማዩ ሲጠራ ደጇ ሄድን። ድንች ትልጣለች።

"አንሄድም እንዴ?" አልኳት።

"ማን ዘንድ?" አለችኝ ቀና ሳትል።

አጠገቧ ተቀመጥን። ትራንሲቶም ድንች አንስታ መላጥ ጀመረች።