ከኋላ የሚቀመጥ የለም

የጎማ አላይመንት ለማሠራት ጋራዡ ውስጥ ወረፋ ስንጠብቅ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ጎልማሳ ትንሽዬ መኪናውን እየነዳ ገባ። ጎማዎቹን በትልልቅ ቀይሯቸዋል፤ መኪናዋ የአባቱን ጫማ አድርጎ የወጣ ሕፃን ትመስላለች። የኋላ ወንበሯ ላይ የፋብሪካው ላስቲክ እንኳ አልተነሳም።

"ታምራለች አይደል?" አለን፣ ሳንጠይቀው።

"ጭነት ሳትይዝ አይታወቅም" አለ መካኒኩ፤ እንደ ልማዱም ወረፋ ከያዝነው ሦስታችንን ከኋላ ጫነና እሱ ከፊት ገባ። ገና በመጀመሪያው መታጠፊያ ጎማው ከላዩ ያለውን ፓራፋንጎ እንደ ወፍጮ ይፈጨው ጀመር። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየን። ሰውዬው ግን ሽር ብትን ለማለት እንደወጣ ሰው አንድ ክርኑን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ይነዳል።

ዞረን ጋራዡ በር ላይ ስንደርስ መካኒኩ፣ "ጌታው፣ መኪናዋን የሚሸከመው ሞላ ከፍ ካላለ ወይ የድሮው ጎማ ካልተመለሰ አላይመንት ብቻውን ምንም አይፈይድም። ከኋላ ሰው በጫኑ ቁጥር ይፈጫል" አለው።

"እሱስ ችግር የለውም" አለ እየሳቀ። "ከኋላ የሚቀመጥ የለም።"

ልንወርድ በሩን ስንከፍት ፊቱን በመስታወቱ አየነው፤ ሳቁ የለም።

"ኧረ ቆዩ፣ ምን አስቸኮላችሁ? እኔ እኮ ድምፁን በደንብ አልሰማሁትም" አለና መሪውን ወደ መንገዱ መልሶ አዞረው። "አንድ ዙር እንድገመው።"