ከእንፋሎቱ ጉድጓድ አጠገብ ማን ይቁም?

የአዳማዋ ሜቲ ሰው አታምንም። ሐኪም ያዘዘላትን መድኃኒት እንኳ ሌላ ሐኪም ሳታሳይ አትውጥም። ትዳር ያልያዘችውም በዚሁ ነው የሚሉ አሉ፤ እሷ ግን ሥራዬ ነው እንዲህ ያደረገኝ ትላለች። እውነቷን ነው። ከምድር ሆድ የሚፈላ እንፋሎት በሚወጣበት ጉድጓድ ላይ ተገጥሞ ሙቀቱንና ግፊቱን የሚናገር መሣሪያ ትነድፋለች። የእኛ የኪስ ስልክ እዚያ ቢገጠም ባንድ አፍታ አልቆለታል፤ ዕቃ ጠጋኞች የሚበይዱበት ተራ ስታኞም እንደ ቅቤ ይቀልጣል። ስለዚህ ሻጩ ቢምልም ቢገዘትም፣ የገዛችውን ሁሉ ዳቦ ጋጋሪዋ ጎረቤቷ ዙለይካ ዘንድ ወስዳ ዳቦ መጋገር ባቆመው አሮጌ ምድጃ ውስጥ ሙቀት ይችል እንደሆነ ለማየት ትከተዋለች። ዙለይካ መጀመሪያ ልታፈነዳብኝ ነው ብላ ትሸሽ ነበር፤ አሁን ለምዳዋለች።

አንድ ጊዜ ብቻ ከልማዷ ወጣች። ለአዲሱ መሣሪያ የሚሆኑትን ካፓሲተሮች፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን ጥቃቅን ዕቃዎች፣ ያመጣላት የእህቷ ባል ኪሩ ነበር፤ ሞጆ ላይ ዕቃ አስመጪ ነው። ወደ ምድጃው ልትወስዳቸው ስትነሣ ፊቱ ጠቆረ፤ እኔንም ነው የምትጠረጥሪው አላት። ዘመድ ማስቀየም ከበዳትና ሳትፈትን ገጠመቻቸው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚለው ተረት ግን ከጆሮዋ አልጠፋም።

ከባቱ ማዶ ባለው ጉድጓድ የጠበቋት የሠራተኞቹ አለቃ ኦቦ ገርባ ናቸው። መሣሪያው ደህና ነው ሲል ሰዎቻቸው ተጠግተው የእንፋሎቱን መዝጊያ ቫልቭ ሊፈቱ ነው፤ ከዋሸ ተቀቀሉ ማለት ነው። ሽማግሌው የሜቲን ማብራሪያ በጥርጣሬ ሰምተው ሲያበቁ፣ ጠላ የሚቀዳ ሰው መርዝ እንደሌለው እንዲታወቅ አስቀድሞ በመዳፉ ይቀምስ የለም ወይ ብለው ጠየቁ።

"እንግዲያው ቅመሽልን" አሏት። "መጀመሪያ አንቺ ቁሚበት።"

ሜቲ ፈገግ ብላ የራስ ቁሯን አጠበቀችና ሄደች። ጉድጓዱ ላይ በተገጠመው መሣሪያ ደህና ነው የሚለው አረንጓዴ መብራት በርቷል። ሠራተኞቹ ከኋላዋ ቆመው ያያሉ። ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት እግሯ እምቢ አለ፤ የኪሩ የጠቆረ ፊት ድቅን አለባት። አፈረች። ከማፈሯም በላይ በራሷ ተናደደች፤ እሷ የማትቆምበት ቦታ የሰው ልጅ ልታቆም ነበርና።

"ኦቦ ገርባ፣ መሣሪያውን ያስፈቱት" አለች። "ያልፈተንኩት ዕቃ አለበት።"

ከምትሠራበት ድርጅት አብሯት የመጣው ሰው ውላችን ይፈርሳል፣ ስምሽም ይጠፋል እያለ ወተወታት። ኦቦ ገርባ ግን መሣሪያውን አስፈትተው በእጃቸው አቀበሏት።

"ስትመለሺ ቀድሜ የምቆመው እኔ ነኝ" አሏት።

ሜቲ አዳማ ገብታ ካፓሲተሮቹን አንድ በአንድ ምድጃ ውስጥ ከተተቻቸው። አንድም የተበላሸ አልተገኘም። ኪሩ ይህን ሲሰማ ከቤቷ እግሩን አነሣ፤ እህቷም ስልኳን አታነሣም። ይህ ሜቲን አሁንም ያንገበግባታል፤ ሆኖም ይቅርታ ልትጠይቅ አልሄደችም።

መሣሪያው እንደገና በተገጠመ ቀን ኦቦ ገርባ ቃላቸውን ሊጠብቁ ካባቸውን አውልቀው ተነሡ። ሜቲ ግን ቀድማቸው ከጉድጓዱ አፍ ቆማ ነበር።