ወደ ቀረሮው የጠረግኩት መንገድ

ከቤቴ አጠገብ፣ እዚሁ ሚዛን ከተማ፣ አንድ አናጢ አለ። የቀረሮ እንጨት የሰነጠቀ ቀን ሽታው በአጥሩ ሾልኮ ይመጣል፤ እኔም በሬን እዘጋለሁ። ሚስቴ ብርድ ፈርቶ ነው ትላለች።

ከዓመታት በፊት ጉልበቴ ሙሉ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ብቻዬን፣ ከመድኃኒት ካርቶን ላይ ነው። ጫካውንም ያስተማረኝ የለም። ከሸኮ በላይ ባለው ደን የትኛው ወፍ የት እንደሚያድር ብትጠይቀኝ ዓይኔን ጨፍኜ እወስድህ ነበር። ደኑን ልታጠና የመጣች አንዲት የዱር እንስሳት ተመራማሪም ከከተማው ምሁር ሁሉ እኔን መሪዋ እንድሆን የመረጠችው ለዚሁ ነው።

የምትፈልገው ምንቃሩ ላይ ቀንድ የተሸከመ፣ ሲበር ክንፉ እንደ ወናፍ የሚተነፍስ ትልቅ ወፍ ነበር። ሴቷ የዛፍ ሽንቁር ውስጥ ገብታ ደጇን በጭቃ ትደፍናለች፤ የክንፏ ላባም እዚያው ይረግፋል፤ ጫጩቷ እስክትጠነክር ባልየው በጠባብ ቀዳዳ ያጎርሳታል። አንድ ጎጆ ከተገኘ፣ ደኑ ለቡና እርሻ እንዳይመነጠር ለተመራማሪዋ መሟገቻ ይሆናታል። ሌሎች ወር ሙሉ ፈልገው ያጡትን እኔ በሦስተኛው ቀን አገኘሁት፤ አንድ የሸኮ ሽማግሌ የማር ቀፎ በሰቀሉበት ትልቅ የቀረሮ ዛፍ ላይ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር?» አለችኝ። ድምጿ ዛሬም ይሰማኛል።

በማግስቱ ዕቃዋን እንደተሸከመች ጭቃው ላይ ወደቀች። እኔ እያለሁ እንዴት ትወድቃለች ብዬ ገጀራዬን አነሳሁ። በሁለት ቀን ከመኪናው መንገድ እስከ ቀረሮው ሥር፣ እንደ ክር የቀና መንገድ ጠረግኩላት። እንዲህ ያለ መንገድ የሠራ ሰው በዚያ አገር አልነበረም።

ባለቀፎው ሽማግሌ መጥተው ብዙ ቆመው አዩት። እሳቸው ወደ ቀፎአቸው የሚሄዱት አንድ ቀን በወንዙ፣ አንድ ቀን በድንጋዩ ነበር፤ ማር ቆራጭ ዱካ አይተውም።

«አንተ ሰው፣ ዛፉን ለማን ነው የምታሳየው?» አሉኝ።

መንገድ መሥራት የማያውቅ ሰው ይቀናል ብዬ ሳቅኩባቸው።

ተመራማሪዋ ሪፖርቷን ልታቀርብ አዲስ አበባ ደርሳ ተመለሰች። አብረን ስንገባ በመንገዴ ላይ ጣውላ የተጎተተበት ፈለግ አየን። መጋዝ ሳቢዎች ቀረሮውን ጥለውታል። አየሩን ሁሉ ይህ የቀረሮ ሽታ ሞልቶት ነበር። ቀፎው ተጨፍልቋል። ሽንቁሩ ያለበትን ግንድ ለጣውላ አይሆንም ብለው ትተውታል፤ ጭቃው ግን እንደተደፈነ ነበር። ተመራማሪዋ ተንበርክካ በጣቷ ሰበረችው። ሴቷ ወፍ የክንፏ ላባ ረግፎ፣ ጫጩቷን ከሥሯ እንዳቀፈች ደርቃለች።

ከዚያ ያ ክንፍ ተሰማ። ባልየው ሾላ በምንቃሩ ይዞ መጣ፤ ዛፉ በነበረበት ባዶ ሰማይ ዞረ፤ ደግሞ ዞረ።

ያ ደን ዛሬ የቡና እርሻ ነው።

ያን ቀን ተመራማሪዋ ከግንዱ አጠገብ ተነሳች። «ጋሼ፣ እንሂድ» አለችኝ ብቻ። በጠረግኩላት መንገድ ግን አልተመለሰችም። እሾህ ልብሷን እየያዛት በጥሻው ውስጥ ገባች፤ እኔም ገጀራዬን ብብቴ ሥር ሸጉጬ፣ አንዲት ቅርንጫፍ ሳልቆርጥ ተከተልኳት።