ያልቆጠርኳት ልጅ

እናቴ ሰባት ወልዳ አንድም ቀን «ሰባት ልጆች አሉኝ» ብላ አታውቅም። ስንት ናቸው ሲሏት «እግዜር የሰጠኝን ያህል» ትላለች፤ የጠየቃትን ሰው ደግሞ ለሳምንት ስታማው ትሰነብታለች። «ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ቢቆጥር መቅሠፍት ወረደ፤ እኔ ከዳዊት እበልጣለሁ እንዴ?» ነበር መልሷ። እኔም ኩዌት መጥቼ፣ ስንት ዓመት በሰው ቤት ሠርቼ፣ በኋላ ፋርዋኒያ በሚባል ሰፈር ከአምስት ሴቶች ጋር ክፍል ተጋርቼ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ናኒ ሆኜ ስቀጠር ይህንኑ ይዤ ነው። ናኒ ማለት እዚህ አገር ልጆችን አውቶቡስ ላይ የምታሳፍር፣ መጸዳጃ ቤት የምትወስድ፣ አፍንጫ የምትጠርግ ሴት ናት። ልጅ እጠብቃለሁ እንጂ አልቆጥርም።

አንድ ዓመት የአምስተኛ ክፍል ሴቶች ልጆች ለጉብኝት ማልዲቭስ ሊሄዱ ነው ተባለ። እኛ ልጅ ሳለን የትምህርት ቤት ጉዞ ማለት ከመንደሩ ማዶ ያለው ችግኝ ጣቢያ ነበር፤ ለእነዚህ በአውሮፕላን ሄዶ ባሕር መሐል ያለ ደሴት። ከመምህርቷ ጋር አንዲት ናኒ ትሂድ ሲባል እኔ ተመረጥኩ። ጉብዝናዬ ታይቶ እንዳይመስላችሁ፤ ከናኒዎቹ ፓስፖርቷ ሊያልቅ ያልደረሰ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ነው።

መምህርቷ ሊባኖሳዊት ናት፤ ሁላችንም «ሚስ» ነው የምንላት። ኤርፖርት ላይ «ናኒ፣ ልጆቹ አሥራ አራት ናቸው። ጀልባ ላይ ስንወጣም ስንወርድም መቁጠር ያንቺ ሥራ ነው» አለችኝ። «እሺ ሚስ» አልኩ። እሺ ማለት ምን ገዶኝ! የራሴ ዘዴ ነበረኝ። በየምልክታቸው አውቃቸዋለሁ፤ ጥርሷን በሽቦ ያሰረችው፣ ሁለቱ መንትዮች፣ ስልኳን የማትለቀው፣ ጀልባ ስታይ የሚያጥወለውላት፣ አልቃሻዋ፣ ነገረኛዋ። ጭንቅላታቸውን ነካ ነካ አደርግና ሁሉም የደረሱኝ ሲመስለኝ «ሞልተዋል» እላለሁ።

ስለ ደሴቱ ብዙ የምለው የለኝም። ባሕሩ አረንጓዴ ነው፣ ወበቁ ልብስ ከገላ ያጣብቃል፣ ኮኮናቱ በየመንገዱ ወድቋል። የመጀመሪያው ቀን ሰው ለዚህ ብሎ ይህን ሁሉ መንገድ ይመጣል ወይ ብዬ ነበር። በሁለተኛው ቀን እግሬን ውኃ ውስጥ ነክሬ ተቀመጥኩና ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሰው ወደማይኖርባት ትንሽ ደሴት በጀልባ ወሰዱን። አሸዋ ናት፣ ከወዲያ በኩል ጥቂት ቁጥቋጦ። ልጆቹ ሲዋኙና ዛጎል ሲለቅሙ ቆዩ። ነፋስ ሲነሳ ጀልባ ነጂው ያቻኩለን ጀመር። ሚስም «ያላ! ያላ!» ትላለች። ነካ ነካ አደረግኋቸው። «ሞሉ?» ስትለኝ «ሞልተዋል» አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ከሆቴሉ ስንነሳ አሥራ አራት ጁስ ቆጥሬ ይዤ ነበር። ጁስ ይቆጠራል፣ ነፍስ የለውም። ጀልባው ራቅ እንዳለ ሳድል አንድ እጄ ላይ ቀረ። «ያልደረሳት ማን ናት?» ብል ሁሉም ይጠጣሉ። ማን እንደጎደለች እንኳ አላወቅሁም እኮ! ሚስ ስም ስትጠራ ነው የታወቀው። የማትታመም፣ የማታለቅስ፣ ከማንም የማትጣላ ዝምተኛ ልጅ ናት፤ ምልክት አላወጣሁላትም።

ጀልባው ዞረ። ስንደርስ በቲሸርቷ ጫፍ ዛጎል ቋጥራ ውኃው ዳር ቆማለች። ጀልባው ሳይቆም ዘለልኩ፤ ዋና የት አውቄ! ውኃው ደረቴ ድረስ ነበር። አቅፌያት እኔ ስነፋረቅ እሷ አላለቀሰችም። «ናኒ፣ አላየሽኝም?» አለችኝ ብቻ።

«አላየሁሽም፣ የኔ እናት» አልኳት።

ሆቴል ስንመለስ ሚስ ፊቷ አመድ መስሎ ኮሪደር ላይ ያዘችኝ። «እናቷ ከከሰሰች አንቺን በመጀመሪያው አውሮፕላን አገርሽ ይሰዱሻል፤ እኔም አልተርፍ» አለች። ልጅቷ በሩ አጠገብ ቆማ ትሰማ ነበር። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በትምህርት ቤቱ ስም ነው፤ እሱ ከተሰረዘ ኸላስ፣ ኩዌት አበቃ። አገር ቤት ከእናቴ ጋር ያለችው ልጄ የምትማረው በእኔ ነው።

ኩዌት ስንገባ ወሬው ቀድሞናል፤ ስልኳን የማትለቀው ምን ሥራ አላት! የልጅቷ እናት በጥቁር አባያ፣ ከትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ጋር የኤርፖርቱ መውጫ ላይ ቆማለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ እኔን በጣቷ እያሳየች ልጇን «ይቺ ናት ረስታሽ የሄደችው?» አለቻት።

ልጅቷ አየችኝ። «አልረሳችኝም» አለች። «እኔ ነኝ የተደበቅሁት። ትፈልገኝ እንደሆነ ለማየት።»

እናትየው ክንዷን ጨምድዳ ይዛ እዚያው ሰው ፊት ወረደችባት፤ ባለጌ፣ አሰዳቢ፣ ሁለተኛ ጉዞ የሚባል የለሽም። ዳይሬክተሯ ወደ እኔ ዞራ «ይቅርታ ናኒ» አለችኝ። ለእኔ! «እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው። ሚስ ክርኔን ጫን አድርጋ ያዘችኝ፤ ባትይዘኝም አልናገርም ነበር። ልጅቷ እየተጎተተች ስትሄድ ሻንጣዬን ይዤ ቆሜ አየሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ነቅዟል።

ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። «እግዜር መልሶልሻል፤ ብትቆጥሪያት ኖሮ ባሕሩ ይወስዳት ነበር» አለችኝ። አልተከራከርኳትም፤ ልጄን አቅርቢልኝ አልኳት።

አሁን እቆጥራለሁ። በየጠዋቱ አውቶቡሱ በር ላይ ቆሜ፣ በጣቴ እየነካሁ፣ ጮክ ብዬ በአማርኛ። በልቤ ደግሞ «አደራህን ጠብቃቸው» እላለሁ፣ የእናቴ ነገር ለቆኝ አይደለም። ልጆቹ ይስቁብኛል፤ አንዳንዶቹ እስከ አሥር ለምደውታል። እሷ አትስቅም። ባዶ ወንበር ሞልቶ ሳለ ደረጃው ላይ ቆማ ዓይን ዓይኔን ታያለች። ቁጥሯን እስክጠራ ድረስ አትቀመጥም።