በትምህርት ቤቱ አጥር ስር

ሰፈሩ «አቶ ኔትወርክ» ይለዋል። ስልክ በተቋረጠ ቁጥር ጥፋቱ የእሱ ነው፤ ሲመለስ ግን አመስጋኝ የለም። ሥራው ከመሬት በታች የተቀበረውን የስልክና የኢንተርኔት ፋይበር መጠገን ነው። ከፀጉር የቀጠኑ የመስታወት ክሮችን ጫፍ ለጫፍ ገጥሞ ይበይዳል። እጁ አይንቀጠቀጥም ተብሎ የተመሰገነ ሰው ነው። ነበር ማለት ይሻላል።

ጦርነቱ ሲቃረብ ሠራዊቱ በሬዲዮ መነጋገሩን ተወ፤ ጠላት እየጠለፈ አስቸገረው። ስለዚህ ከከተማው ገመድ ውስጥ ሁለት ክር ለራሱ ወሰደ። ለሁለት ክር ማን ግድ አለው? እናት ከልጇ ጋር በምታወራበት፣ ባንኩ ሂሳቡን በሚልክበት በዚያው ገመድ የጦር ትእዛዝ ማለፍ ጀመረ። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ያለው የገመዱ መገጣጠሚያ ጉድጓድ ከሰማይ ተመታ። ጉድጓዱ ብቻ በሆነ! አቶ ኔትወርክ ለጥገና ሲደርስ ዳቦ ሊገዙ ተሰልፈው የነበሩት ሰዎች ጫማ ገና አልተነሳም ነበር።

የሠራዊቱን መስመር የሚቆጣጠር አንድ መቶ አለቃ ቢሮው ድረስ መጣ። ትሑት ሰው ነው፤ የሚያስፈራውም ይኸው ትሕትናው ነው።

«ወንድሜ፣ መስመሩን በሌላ በኩል አዙርልን። በትምህርት ቤቱ አጥር ስር የሚያልፍ ገመድ አለ አይደል? እዚያ ለመምታት ያፍራሉ።»

«ጌታዬ፣ ልጄ እኮ የምትማረው እዚያ ነው።»

«እንግዲያው በደንብ ትሠራዋለህ። ይህን የምናውቀው እኔና አንተ ነን። ሦስተኛ ሰው ከሰማ፣ ከማን እንደሰማ አይጠፋኝም።»

ሰማዩ ሩቅ፣ ምድሩ ጭንቅ ሆነበት። አጥሩ ስር ቁጢጥ ብሎ ክሮቹን ሲገጥም ከወዲያ በኩል ሕፃናት በአንድ ድምፅ ይቆጥራሉ። የልጁ የሚጡ ድምፅ የትኛው እንደሆነ ሊለይ ሞከረ። እጁ ተንቀጠቀጠ፤ መበየጃ ማሽኑም አልቀበልም አለ። እንደገና ሞከረ፤ ያዘ። ባይዝለት እንዴት በወደደ!

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ለሚስቱም አልነገራትም። በማግስቱ ብቻ፣ ሚጡን አሟታል፣ ቤት ትዋል አለ። ሚስቱ የልጅቷን ግንባር ዳበሰች።

«ምንም ትኩሳት የላትም እኮ!»

«አላት አልኩ!» ብሎ ጮኸ። ጮኾ የማያውቅ ሰው ስለሆነ ሚስቱ የልጅቷን ቦርሳ መልሳ ሰቀለች።

ሰፈሩ ግን ሞኝ አይደለም። ኔትወርክ መቼ እንደሚመለስ ከእሱ ፊት ማንበብ ከለመደ ቆይቷል። መጀመሪያ፣ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ከሚጡ ጋር አንድ ወንበር ላይ የሚቀመጠውን ልጇን አስቀረች። እሷን ያየች ሌላዋም አስቀረች። ክፍሎቹ እየሳሱ ሄዱ። አቶ ኔትወርክ ይህን ሲያይ መጀመሪያ ደስ አለው፤ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ሰውን ያተረፈ መሰለው።

ደስታው መቶ አለቃው እስኪመለስ ነበር።

«ልጅህ ተሻላት?» አለው ረጋ ብሎ። «ባዶ ትምህርት ቤት ለእኛ ምን ያደርግልናል? ነገ ትሂድ። አንተው ራስህ አድርሳት፤ ሰው ይይህ።»

ጠዋት የሚጡን እጅ ይዞ ወጣ። ልብስ ሰፊዋ በሯ ላይ ቆማ መንገዱን ትጠርጋለች። መጥረጊያዋን አቆመች።

«ተሻላት እንዴ አቶ ኔትወርክ?»

አፉን ከፈተ። መንገዱ ማዶ አንድ የማያውቀው ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የመቶ አለቃው ሰው ይሆናል፤ ወይም ዝም ብሎ የቆመ መንገደኛ ነው። ፍርሃት ሁለቱን አይለይም።

«ደህና ናት» አለ።

«እፎይ! እኔ ደግሞ አንድ የምታውቀው ነገር አለ ብዬ ስሰጋ ሰነበትኩ።» ወደ ቤት ዞራ ተጣራች፦ «አንተ! ተነስ፣ ቦርሳህን ያዝ! ሚጡ ሄደች!»

ከኋላቸው በር ሲከፈት ተሰማ። ቀጥሎ ሌላ በር። ልጆች እየሮጡ ደረሱባቸው።

«አባዬ፣ እጄን አመመኝ» አለች ሚጡ።

አያያዙን ላላ አደረገ፤ ግን አልለቀቃትም።