ያልሞቀው ባትሪ

ራቭና ለመንደሩ አጋዘን አርቢዎች ያስተማረችው አንድ ግሩም ዘዴ አለ፤ ባትሪ ሲቀዘቅዝ ቶሎ ስለሚደክም፣ መንጋ የሚነዱበት ድሮን ከመነሳቱ በፊት ባትሪው ብብት ውስጥ መሞቅ አለበት። ዛሬ ግን ችሎታዋን ለማሳየት ስትቸኩል ራሷ ባትሪውን ሳታሞቀው ድሮኑ ላይ ገጠመችው። ድሮኑ መንጋዋ መሃል ወደቀ። የደነበሩት አጋዘኖቿ ከሽማግሌው ከማህቴ መንጋ ጋር ተደባለቁ። በጆሯቸው ምልክት እያዩ መለየት ሁለት ቀን ይፈጃል፤ የማህቴ እርጉዝ አጋዘኖች ደግሞ መዋከብ የለባቸውም።

«ብርዱ ነው፤ ምን ታደርጊዋለሽ?» አላት ማህቴ። «ይቺ የብረት ወፍሽም እንደኔ አርጅታለች።»

ሌሎቹ ሳቁ። ራቭና ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር፤ ፊቷ ግን በዚያ ብርድ ጋለ።

«ብርዱ አይደለም አጎቴ። እኔ ነኝ ባትሪውን ያላሞቅኩት።»

ሳቁ ቆመ። ማህቴ አጋዘን የሚይዝበትን ገመድ አንስቶ መንጋዎቹን ሊለይ ወደ በረቱ ሄደ፤ እሷም አንገቷን ደፍታ ተከተለችው።